የሜርቭ ቢጫ ጽጌረዳ

ሜርቭ ጎረቤቴ ነው። በረንዳችንን የሚለየው አንድ የብረት አጥር ብቻ ነው። ዘንድሮ የእግር ኳስ ቡድናችን ለፍጻሜ ደረሰ። የእኛ መለያ ቢጫ ነው፤ የተጋጣሚዎቻችን የወንዝ ማዶዎቹ ቀይ። በከተማችን ወግ፣ በፍጻሜው ሰሞን ቤቱን ከሁሉ አስበልጦ በቢጫ ያስጌጠ ሰው ባንዲራ ይዞ ከቡድኑ ፊት ወደ ሜዳ ይገባል። ሜርቭ ይህን ሠላሳ ዓመት ተመኝቷል።

ሌላው ጨርቅ ሰቀለ። እሱ ጽጌረዳ ገዛ። በረንዳችን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አያጣም። ሰኞ ጠዋት ሰባት አበባ ፈካ፤ ሁሉም እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ።

«እስቲ እየው! ጨርቅ ይሄን ያክላል?»

«አያክልም» አልኩት።

ማክሰኞ ጫፋቸው ቀላ። ረቡዕ ሮዝ ሆኑ። ሐሙስ ቀይ ነበሩ፤ ያውም እንደ ማዶዎቹ ማልያ ቀይ።

«ፀሐይ ነው ያቃጠላቸው» አለና አንሶላ ጋረደባቸው።

«ዘራቸው ነው። ቢጫ ሆነው ይፈካሉ፣ ቀይ ሆነው ይረግፋሉ።»

«በምን አወቅህ?»

«ግንዱ ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት ይላል።»

«አንተ ሽማግሌ! ሰኞ አፍህ የት ነበር?»

«አልጠየቅከኝም።»

መቀስ አመጣ። በሁለት ቀን ሰባቱንም ቆርጦ ግቢ ካለው ቆሻሻ መጣያ ጣላቸው። የፍጻሜው ዕለት ቅዳሜ የነበረው ያን ጠዋት የፈካ አንድ ቢጫ አበባ ብቻ ነበር።

ረፋዱ ላይ የክለቡ ሊቀመንበር ግሌኒስ ቤቶቹን ልትዳኝ መጣች። እኛም ወደ መንገዱ ወረድን።

«እንደምን አደሩ?» አላት ሜርቭ። ከልጅነቷ ጀምሮ አንቺ የሚላት ሴት ናት።

ግሌኒስ ቀና ብላ በረንዳውን አየች። «አንድ ብትሆንም ከጌጡ ሁሉ ሕይወት ያላት እሷ ብቻ ናት። ባንዲራው ያንተ ነው መሰለኝ።»

ሜርቭ ኮቱን ቆለፈ። እሷ ግን ዞር ስትል ዓይኗ ከእኛ በታች የምትኖረው የዶት በር ላይ ቀረ። ዶት የማዶ ልጅ ናት፤ ቡድኗም የማዶው። በሯ ዙሪያውን በሰባት ትልልቅ ቀይ ጽጌረዳ ተውቧል።

«በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጽጌረዳ አላየሁም» አለች ግሌኒስ። «ማነው ያበቀለው?»

«እኔ እንጃ» አለች ዶት ከበሯ ብቅ ብላ ሜርቭን እያየች። «ከቆሻሻ ነው ያነሳኋቸው። ባለቤታቸው አፍሮባቸው ይሆናል።»

ሜርቭ ዝም ቢል ባንዲራው የእሱ ነበር። እኔም ዝም ይላል ብዬ ነበር።

«የኔ ናቸው» አለ።

«አንተ! ለማዶዎቹ አበባ ታበቅላለህ?» አለች ግሌኒስ።

«ቢጫ ነበሩ። ራሳቸው ናቸው የቀሉት።»

«ብልህ አበባ!» አለች ዶት።

ባንዲራውን የሰፈራችን ሥጋ ሻጭ ያዘ። ስድስት ሜትር ቢጫ ላስቲክ ሰቅሎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሜርቭ ሜዳ አልሄደም። ወንበር አውጥቶ ከአንዷ አበባ ፊት ተቀመጠ። ከሜዳው ታላቅ ጩኸት መጣ።

«የእኛዎቹ አገቡ መሰለኝ» አልኩት።

«ዝም በል» አለኝ። «ጫፏ ሊቀላ ነው።»