የወላጅ ቃል

ፈጠነች ቅቤ ስትሸጥ ምላሷ ማር ነው። የሰነበተውን ቅቤ እንኳ ኮባውን ገልጣ "የዳሞት ሣር የበላች ላም ናት፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል!" ስትል የሶዶ ገበያ ከአፏ ተቀብሎ ይገዛታል። ወደ ልጇ ወደ አንጁሎ ሲመጣ ግን ያቺው ምላስ ሬት ትሆናለች። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ሲመጣ "ሌሎቹ ታመው ሰንብተው ይሆናል" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አስተማሪው ቤቷ ድረስ መጥቶ "ልጅሽ ጎበዝ ነው" ቢላት እንትፍ እንትፍ አለችና "ተሳስተሃል፣ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል" ብላ ከደጅ መለሰችው።

ክፉ ሆና አይደለም። ከአንጁሎ በፊት ዲምቱ በሚባል አገር ስትኖር ሁለት ወልዳ ነበር። የመጀመሪያውን አንዲት መንገደኛ ሴት "እንዴት ያለ ልጅ ወለድሽ! ምን ያምራል!" አለችውና ሳምንት አልቆየም። ሁለተኛዋን ደግሞ ራሷ ፈጠነች፣ ደስታው አምልጧት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት "የኔ ቆንጆ" አለቻት። ከዚያ የሆነውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አንጁሎ ሲወለድ ግን አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ልጁ ደነዝ ነው፣ እንቅልፋም ነው፣ ለምንም የማይሆን ነው። አባቱ ሞቶ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ስድቡ ባሰ እንጂ አልቀነሰም፤ የቀራት እሱ ብቻ ነዋ።

እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጣ "ዓይን ሰው አይበላም፣ ይህ የአሕዛብ ወሬ ነው" ሲባል አሜን ትላለች። አሜኗ ከልቧ ነው። ግን እግዚአብሔርም ቢጠብቅ፣ እሷም ብትጠነቀቅ ማን ይጎዳል?

እንግዲህ አንጁሎ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰና መድኃኒት ቀማሚ ካልሆንኩ አለ። አዲስ አበባ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ለመግባት ግን የሚጠየቀው ነገር ብዛቱ ሙሽራ ሊድሩ ነው ያሰኛል። ኬሚስትሪና ሒሳብ ያለፈ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ሳንባው የጸዳ። አንጁሎ ኬሚስትሪውንም ሒሳቡንም አለፈ፣ ኦቶና ሆስፒታል ሄዶ ደረቱን ታየ፣ ክትባቱንም ተወጋ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ ከአዲስ አበባ የተላከ መርማሪ ሶዶ ድረስ መጥቶ ወላጅን ፊት ለፊት ይጠይቃል። የወላጅ ቃል ይባላል። ማንን እንደሚወስድና ማንን እንደሚተው ቃሉን ሰምቶ እዚያው ይወስናል።

መርማሪው አቶ ሐብተማርያም የወይዘሮ መብራት ሆቴል አንዱን ክፍል ቢሮ አድርገው ተቀምጠዋል። ወፍራም መነጽር፣ ጥቁር ክራባት፣ የታከተ ፊት። ፈጠነች የቅቤ ቅሏን ደጅ አስቀምጣ ገባች። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርጋለች እንጂ የምትለው አይጠፋትም።

"ይቀመጡ እናቴ። እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ። ትጉህ ነው?"

"ትጉህ?" አንገቷን ሰበር አደረገች። "ኧረ እንቅልፋም ነው ጌታዬ።"

"ትምህርትስ ይወዳል?"

"መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። ምን እንደሚያይበት እንጃለት።"

አቶ ሐብተማርያም ብዕራቸውን አቆሙ። "እጁስ? ያልሰጡትን ይነካል?"

እዚህ ላይ ፈጠነች ተቸገረች። ሌባ ነው ብትል ሐሰት ሊሆንባት ነው፤ ሌባ አይደለም ብትል ማመስገን ሊሆን ነው። አሰበች አሰበችና "ለመስረቅም እኮ ቅልጥፍና ይጠይቃል። እሱ ለዚያ አልታደለም" አለች።

ሰውየው ሳል አፈናቸው። "ታዲያ መድኃኒት ቀማሚ የሚሆን ይመስልዎታል?"

"እኔ ቅቤ እንኳ አስመዝኜው አላውቅም። እናንተ ከሆነላችሁ ሞክሩት።"

አመስግነዋት ወጣች። በሰላም ጀምራ በሰላም ጨረሰች፤ አንዲት የምስጋና ቃል አላመለጠቻትም። ልጇ ደጅ ቆሞ "ምን አልሻቸው?" ቢላት "የሚባለውን" ብላው ቅሏን አዝላ ወደ ገበያው አቀናች።

መንገድ ላይ ባዳቾን አገኘችው። ባዳቾ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ብዙ ዘመን ያስተማረ፣ የመንግሥት ነገር አውቃለሁ የሚል። የተባባሉትን አንድ በአንድ ነገረችው። ባዳቾ ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ያዘ።

"ወይኔ! ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? ይሄ እኮ የመንግሥት ጉዳይ ነው! እዚያ ልጅ ይመሰገናል! ወይዘሮ ሳህሊቱ ጠዋት ገብተው ልጃቸውን ጉልላትን ከተወለደ ውሸት ያልወጣው መልአክ ነው ብለው ነው የወጡት።"

"ያ ጉልላት? የዳኛውን በቅሎ ሊሸጥ ሲል የተያዘው?"

"እሱ! እሱ አዲስ አበባ ይገባል፣ ያንቺው እዚሁ ቅቤ ሲያንጥ ይቀራል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ቅቤ ሻጭ ብትሆኚም አይታሽም! ሰውየው ነገ በጠዋት ይሄዳሉ።"

ፈጠነች ቅሏን ባዳቾ ላይ ጥላ ተመለሰች። ስትሮጥ አንድ ሐሳብ ሹክ አላት፦ ቢቀርስ? ቢቀር አጠገቤ ይሆናል፤ ደነዝ ነህ እያልኩ አቆየዋለሁ። ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ግን አንጁሎ ትዝ አላት። ያን ሁሉ ዓመት ሲሰደብ ቀና ብሎ አልመለሰላትም፤ መጽሐፉን ብቻ ወደ ብርሃኑ ጠጋ ያደርጋል። ምናልባት የምትለውን እውነት ነው ብሎ ይሆን? ይሄን አስባው አታውቅም ነበር። ብታመሰግነው ዓይን ሊበላባት፣ ባታመሰግነው ሰው ሳይሆን ሊቀርባት። አምላኬ፣ አሜን ያልኩትን እውነት አድርገው አለች።

አንጁሎ ከመስኮቱ ሥር ከሌሎቹ ጋር ተቀምጧል። "ተነሥ፣ ሂድ ከዚህ!" ብላ ገፍታው ገባች።

"ጌታዬ፣ ቅድም ያልኩት ውሸት ነው" አለች ሳትቀመጥ። "ልጄ ወርቅ ነው። ወርቅ! አባቱ የሞተ ጊዜ ከምንጭ ውሃ ይቀዳልኝ ነበር፤ ወንድ ልጅ ውሃ ይቀዳል ወይ ብለው ሲስቁበት አብሯቸው ስቆ እንስራውን ተሸክሞ ያልፍ ነበር። ስታመም መድኃኒቴን እሱ ነው የሚሰጠኝ፤ ጠዋት ማታ ሳያዛንፍ፣ ተኝቼ እንኳ ቀስቅሶ። ተሻለኝ ስለው እስኪያልቅ ዋጪ ይለኛል። ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እንቅልፍ ብሎ ነገር አያውቅም፣ እንቅልፋም ያልኩት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ሁለት ወስዶ አንድ ቢሰጠኝ የሦስት ልጅ ነው የሰጠኝ!"

ከሃያ ዓመት ያላነሰ የታፈነ ምስጋና ነው፤ ሲወጣ እንባዋን ይዞ ወጣ። ቀና ብላ አየች። ሰማዩ አልወደቀም።

አቶ ሐብተማርያም ግን ፊታቸው ወደቀ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ወይ እናቴ፣ ምነው ይሄን ባላሉኝ! በየአገሩ ዞሬ የምሰማው ይሄንኑ እኮ ነው፤ ወርቅ፣ አልማዝ፣ መልአክ። ዛሬ ጠዋት አንዲት ወይዘሮ ልጄ መልአክ ነው አሉኝ፤ መልአክ መድኃኒት ቤት ምን ይሠራል ብዬ ሰረዝኩት። ስንቱ ተመስግኖ ገብቶ ኪኒን በጉያው ይዞ ወጣ! እርስዎን ስሰማ እሰይ፣ የገዛ ልጇን እንኳ የማትሸፍን እናት አገኘሁ፣ ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ ሚዛን አያጎድልም ብዬ ተቀብዬው ነበር። ለካ እርስዎም እንደ ሰዉ ነዎት።" ብዕራቸውን ነከሩ።

ፈጠነች ብዕሩን አየች። ለዓይን አጋልጣ ሰጥታው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሊሰረዝባት! ያኔ የገበያዋ ምላስ ደረሰላት።

"ቆይ ጌታዬ! ሽማግሌ መክሮኝ ነው። ሰው ሁሉ ልጁን ሲያመሰግን አንቺ ብቻ ለምን ብሎ አሳፈረኝ። የቅድሙ ነው እውነቱ! ውሃ ቀዳ ያልኩህ እንስራውን ሰብሮብኛል። መድኃኒቱን የሚሰጠኝ እኔ ከሞትኩ ማን ያበላኛል ብሎ ነው። እንቅልፋም! ሆዳም! ሲራመድ እንኳ መሬት የመረረው ይመስል የሚጎተት! እኔ ብሆን አልወስደውም።"

በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት ልጇን ሰድባ አታውቅም። እያንዳንዱ ስድብ የቅድሙን ምስጋና ሲያጥብላት ታያት። አቶ ሐብተማርያም መጀመሪያ አፈጠጡ፣ ቀጥሎ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

"እንዲህ ነው እንጂ! እውነት በግድ ትወጣለች። በሉ ይሂዱ፣ መስከረም ላይ ይላኩልን።"

ስትወጣ አንጁሎ አልሄደም። መስኮቱ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ምን ታፈጣለህ አንተ ደነዝ?"

"ምንም አልሰማሁም እማዬ" አላት።

"ሰማህ ያለህ ማን ነው?" አለችና ቀድማው ሄደች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይባላል፤ ያ መስከረም ጠባ። አውቶቡሱ ገበያው ዳር ቆሞ ሲያጉረመርም ሰፈሩ ሁሉ ሊሸኝ ወጣ። አንጁሎ የባዳቾን አሮጌ ኮት ለብሶ በመስኮት ብቅ አለ። ወይዘሮ ሳህሊቱም መጥተው ነበር፤ ጉልላት ስለቀረባቸው ሆዳቸው አሮ ይሁን ከልባቸው ይሁን እንጃ፣ አንጁሎን ከላይ እስከ ታች አይተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"እንዴት ያለ ልጅ ወለድሽ ፈጠነች! ምን ያምራል!"

የዲምቱዋ ሴት ቃል፣ አንድም ሳይጎድል። ፈጠነች እንትፍ ልትል አፏ ደረቀ፤ ልትሰድበው ፈለገች፣ ቃል ጠፋት። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

አንጁሎ እናቱን አያት። ከዚያ ግማሽ አካሉን በመስኮት አወጣና ገበያው እስኪሰማ ጮኸ፦

"አይሳሳቱ ወይዘሮ ሳህሊቱ! ለምንም የማልሆን እንቅልፋም ነኝ! እናቴም ክፉ ናት! ቅቤዋ ውሃ ነው! አንድ ቀን እንኳ አትናፍቀኝም!"

ሰዉ አፉን ያዘ። ባዳቾ ባርኔጣውን አወለቀ። ወይዘሮ ሳህሊቱ "ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! እናቱን! በአደባባይ! ይሄ ነው ያሳደግሽው?" እያሉ ማተባቸውን ያዙ።

ፈጠነች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አውቶቡሱ እስኪሰወር አየችው። እንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር።

"አላልኩም?" አለች። "እኔ ነኝ ያሳደግኩት።"