የበጋ ድኩላዎች

አባቴ ኣስመላሽ ለሠላሳ አንድ ዓመት የከብት ደላላ ነበር። «እግሬ ደከመ» ብሎ ገበያውን ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ደግሞ ከመቀሌ በስተምሥራቅ ባለው ደን ስለሚኖሩ ድኩላዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነበር። ድኩላ በየትኛው ወቅት ይወፍራል? በየትኛው ይከሳል? መውለድና ማጥባት እናቲቱን ምን ያህል ይጎዳታል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። የዱር እንስሳ ይዞ መመዘን ስለማይቻል፣ ዛፍ ላይ ያሰርኳቸው ካሜራዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አያለሁ። አከርካሪውን፣ ጎድኑንና የዳሌውን አጥንት ተመልክቼ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እሰጣለሁ። አንድ ያገኘ አጥንቱ ይቆጠራል፤ አምስት ያገኘ ጠግቧል።

አማካሪዬ ዶክተር ወንድሜነህ ሥራዬን አይቶ፣ «የአንድ ሰው ዐይን ብቻውን ምስክር አይሆንም» አለኝ። «ሁለተኛ ፈራጅ ፈልጊ። ያንቺን ነጥብም ወሩንም ሳያውቅ ይፍረድ።»

በከተማው ውስጥ የእንስሳ ሥጋ በዐይን የሚለካ ሰው አንድ ብቻ ነበር የማውቀው። ላፕቶፔን ይዤ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን ሄድኩ።

«ኣቦይ፣ ሥራ አመጣሁልህ» አልኩት አባቴን።

«ስንት በሬ?»

«ሁለት መቶ አርባ ድኩላ።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«እግዜር።»

«እንግዲያስ ክርክር የለም» አለና ወንበሩን አስጠጋ። አንዲት ሴት ድኩላ ከፍቼ ነጥብ አሰጣጡን አሳየሁት።

እናቴ የኔአለም ከጎናችን ተቀምጣ የተማሪዎቿን ደብተር ታርም ነበር። «ኣስመላሽ፣ ለሴት ነጥብ መስጠት መቼ ነው የጀመርከው?» አለችው።

«ካንቺ ነው የጀመርኩት። ካንቺ ወዲህማ ትቼው ነበር፤ ይቺ ልጅሽ መለሰችኝ።»

ከማግስቱ ጀምሮ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጺሙን እየተላጨ፣ ኮቱን እየለበሰ ይጠብቀኝ ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ተቀምጦ ሲውል ስለ ከብት ሊያማክረው የመጣ ሰው አልነበረም። እኔ የምፈልገው ነጥቡን ነበር። እሱ ግን ዐይኑ ዛሬም የገበያ ዐይን መሆኑ እንዲታወቅለት ይፈልግ ነበር።

ፎቶዎቹን በዕጣ ደባልቄያቸው ነበር። ወሩን ብደብቅም ሣሩን መደበቅ አልችልም፤ ከክረምት ማግስት የተነሳው አረንጓዴ ነው፣ በበጋ የተነሳው ገለባ። የመጀመሪያው ቀን በጣም ደስ የሚል ነበር። አንድ አንገቱ የደነደነ፣ ወገቡ ግን የጎደለ ወንድ ሲያይ፣ «ይሄ ጎረምሳ መብላት ረስቷል። ሴት እያሳደደ ነው» አለ፤ ልክ ነበር። ከዚያ በለመለመ ሣር መካከል የቆመች አንዲት ከሲታ ሴት መጣች። እኔ ሁለት ሰጥቼ፣ ከጎኑ «ታማ ይሆናል» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ሁለት» አለ አባቴ። «ግን አልታመመችም፣ ልጄ፣ ጓለይ። ጸጉሯ ያበራል። ወልዳለች። የምትበላው ሁሉ በጡቷ እየወጣ ነው።»

«ጡቷ አይታይም እኮ።»

«የላም ጡት እያየሁ ነው እንዴ ስገዛ የኖርኩት? ልጇን ደብቃ ነው የመጣችው።»

እሱ ሲተኛ የዚያኑ ካሜራ ተከታይ ፎቶዎች ከፈትኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ በተነሳው ላይ፣ እናቲቱ ሥር እግሮቹ የሚንቀጠቀጡ የሚመስሉ ግልገል ቆሟል። «ታማ ይሆናል» የሚለውን ሰረዝኩት። በማግስቱ ስነግረው ዞሮ እናቴን አያት።

በአምስተኛው ቀን ጨረስን። ነጥቦቻችንን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ከአረንጓዴዎቹ መቶ ሃያ ፎቶዎች መቶ ስድስቱ ላይ ተስማምተናል። ከደረቆቹ መቶ ሃያ ግን በዘጠና ሰባቱ ላይ ሦስት ሰጥቷል። በእሱ ፍርድ በበጋው ማብቂያ ግንቦት ላይ የሚከሳ ድኩላ የለም፤ የምታጠባዋም፣ የማታጠባዋም፣ ወንዱም ሦስት ናቸው። መጀመሪያ ያዘነላቸው መሰለኝ። አንድ በአንድ ስመለከት ግን ቁጥር 163 ላይ ደረስኩ።

ቁጥር 163 ላይ ድኩላ አልነበረም። ነፋስ ቅርንጫፍ ሲያወዛውዝ ካሜራው ራሱ ያነሳው ባዶ ፎቶ ነው። አስቀድሜ ማውጣት ነበረብኝ፤ ስህተቱ የእኔ ነው። አባቴ ለደረቁ ሣር ሦስት ሰጥቶታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ትምህርት ቤት ሳለች ፎቶውን ከፈትኩለት።

«ኣቦይ፣ እስኪ ይቺን ድገምልኝ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ሦስት።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ወደ ስክሪኑ ይበልጥ ተጠጋ። ከዚያ በደላላ ድምፅ፣ «አንቺ ምን አልሽ?» አለኝ። የሚከፍለውን ቀድሞ የማይናገር ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው።

«ምንም የለበትም፣ ኣቦይ። ሣር ብቻ ነው።»

እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ሊቆጣ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ስክሪኑን በመዳፉ ዳሰሰው፤ የበሬ ወገብ ሲዳስስ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ።

«አረንጓዴ ላይ ሲሆን ቀዩ ሰውነቷ ይለይልኛል» አለ። «ሲደርቅ ግን እሷም ሣሩም አንድ ጭጋግ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ገበያውን የተውኩት በእግሬ ይመስልሻል? መጨረሻ አካባቢ በእጄ ነበር የምገዛው። እየዳሰስኩ። ፎቶ ግን አይዳሰስም።»

«ታዲያ ለምን ሦስት?»

«ሦስት ማንንም አይጎዳም ብዬ ነዋ።» ድምፁ አነሰ። «ሥራሽን አበላሸሁብሽ አይደል?»

«የአረንጓዴዎቹ እንዳሉ ናቸው፤ እንዲያውም የታመመች ያልኳትን እናት ያረምክልኝ አንተ ነህ። የበጋዎቹን ግን እንደገና ትፈርዳለህ። መጀመሪያ ዐይንህ ይታይ።»

«ቢበላሽስ? አሁን እኮ ጥላም ቢሆን አያለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ» አልኩት። «አብረን እንሂድ።»

የኮቱን ቁልፎች ቆለፈ። «ሕራይ፣ እሺ» አለ። «ለእናትሽ ግን እኔው እነግራታለሁ።»

ዶክተር ወንድሜነህ የሆነውን ሲሰማ ሌላ ፈራጅ ፈልጊ አለኝ። የሁለት ወር ጊዜ ጠየቅኩት፤ አጉረምርሞ ፈቀደ። ሐኪሙ የዐይን ሞራ ነው አለና ከአንዱ ዐይኑ ሞራውን በቀዶ ሕክምና አወጣለት። ስድስት ሳምንት ጠብቀን፣ ባዶውን አውጥቼ፣ የቀሩትን መቶ አሥራ ዘጠኝ እንደገና በዕጣ ደባልቄ አቀረብኩለት።

አንደኛው ፎቶ ላይ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ረጅም ጊዜ አየ። «ሁለት» አለ። ቀጥሎ «ሁለት»፤ ቀጥሎ «አንድ»። ቀልድ የለም፣ ጨዋታ የለም። የሚያያት እናት በደረቅ ሣር ላይ ቆማ ልጇን ታጠባለች፤ ጎድኗ ይቆጠራል።

«ጓለይ፣ እንዲህ ነበሩ እንዴ?»

«እንዲህ ነበሩ።»

«እኔ ደግሞ ሦስት ብያቸው!»

በዘጠና ስምንቱ ተስማማን። በቀሩት አልተስማማንም፤ ሁለታችንም የሰጠነውን እንዳለ ተውኩት፣ ደንቡ ነውና። ላፕቶፑን ስዘጋ አባቴ ቀና ብሎ፣ ጠረጴዛው ማዶ ደብተር የምታርመውን እናቴን አየ። ነጥብ ሲሰጥ እንደቆየው፣ ከትከሻዋ ጀምሮ ሳይቸኩል አያት።

«የኔአለም፣ አንቺም ከስተሻል እኮ።»

«ከከሳሁ ሁለት ዓመቴ ነው» አለች፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ሳታቆም። «ስንት ትሰጠኛለህ?»

አባቴ ተነስቶ ደብተሩን ከፊቷ አነሳና፣ «ምሳ በልተሻል?» አላት።