የምስክርነት እርማት

መምህር ጋሩማ ወደ ጉቴ የሚሄዱትን ሁለት ሚኒባሶች አሳልፎ በሦስተኛው ተሳፈረ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። እሑድ የቀድሞ ተማሪው ኦብሳ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በተባለው ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ሆኖ ይሾማል፤ ከሹመቱ በፊትም እንዴት ወደ እምነት እንደተመለሰ ለጉባኤው ይመሰክራል። የኦብሳ ምስክርነት የቆመው ጋሩማ ከአራት ዓመት ተኩል በፊት በዚያው መድረክ በተናገረው ነገር ላይ ነው። ያ ነገር ግን ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ኦብሳ ይህን አያውቅም፤ ጋሩማ ጉቴ የሚሄደው ሊነግረው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ አሜሪካ የሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ሙዮን ስለምትባል ቅንጣት አዲስ ልኬት ይፋ አደረገ። ሙዮን የኤሌክትሮን ዘመድ ናት፤ ክብደቷ ግን ሁለት መቶ እጥፍ ይበልጣል። በማግኔት መካከል ስትዞር እንደ እንዝርት እየሾረች ትወዛወዛለች። ምን ያህል እንደምትወዛወዝ አስቀድሞ በስሌት ይታወቃል። የተለካው ግን ከተሰላው በጥቂቱ፣ ከሚሊዮን ሁለት እጅ ያህል፣ በልጦ ተገኘ። የማናውቀው ኃይል ይኖር ይሆናል አሉ ተመራማሪዎቹ።

ጋሩማ ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ ያሰምርባት ነበር። ዜናው በተሰማበት ሳምንት እሑድ ግን መድረክ ላይ ቆሞ አንድም ጊዜ አላነሳትም። ሳይንስ የማያውቀው እጅ ሙዮንን ሲነካት ታይቷል፣ የማን እጅ እንደሆነ እኛ እናውቃለን ብሎ ተናገረ። ጉባኤው በእልልታ ተቀበለው።

ኦብሳ ያን ቀን እናቱ ለምና አምጥታው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ሌሊሳ ከአኖ ከተማ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ኩርባ ላይ ተገልብጦ ከሞተ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም ነበር። የሚያይ አምላክ ቢኖር ኖሮ በዚያ ኩርባ ላይ አንድ ጊዜ እጁን ይዘረጋ ነበር ይል ነበር። ከአምልኮው በኋላ በር ላይ ጠብቆ፣ ስለ እጁ የተናገሩት እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሩማም ተለክቷል አለው። ከዚያ ወዲህ ኦብሳ አንድም እሑድ ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ግን ሌላ ዜና መጣ። ላቦራቶሪው የመጨረሻውን ልኬት አወጣ፤ የፊቱን ቁጥር አጸናው እንጂ አልለወጠውም። የተለወጠው ስሌቱ ነው። ሊቃውንቱ በሌላ ዘዴ እንደገና ሲያሰሉት ውጤቱ ከፍ ብሎ ከልኬቱ ጎን ተቀመጠ። እጅ ይገባበታል የተባለው ክፍተት አልነበረም። ሙዮንማ ድሮም እንደዚያው ነበር የምትወዛወዘው።

ጋሩማ ተማሪዎቹ በሙከራ ደብተራቸው ላይ ስሕተት እንዲፍቁ አይፈቅድም። በተሳሳተው ቁጥር ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፣ ቀን ይጻፋል፣ ይፈረማል፤ ከመስመሩ ሥር ያለው መነበብ አለበት። ራሱ ግን አራት ወር ሙሉ ያቺን መስመር ማስመር አቃተው። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ለኦቦ ዱቤ ነገሩን ሲያወጣላቸው ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙትና፣ «ምስክርነት የቀበሌ ደብዳቤ ነው እንዴ፣ ተሽሮ በሌላ የሚተካው?» አሉት። በእርሳቸው ዕድሜ የታረመ ምስክርነት የለም። ሚስቱ ሜቲ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሊወጣ ሲል፣ አራት ወር የቆየ ሰው ሦስት ቀን መታገሥ አያቅተውም፣ ልጁ ይሾምና ትነግረዋለህ ብላው ነበር። ክፋት አልነበረባትም፤ ለኦብሳ ሳስታ ነው።

ኦብሳ ጉቴ በሚገኝ አንድ ትንሽ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ጋሩማ ሲገባ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ የደም ናሙና እየተመለከተ ነበር። ቀና ሳይል በኮቴው አወቀው።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ። ከነቀምቴ ድረስ ወባ ፍለጋ መጡ?» ባርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ ኦብሳ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

ጋሩማ አልሳቀም። ቆሞ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገረው፦ የፊቱን ስሌት፣ አዲሱን ስሌት፣ ክፍተቱ እንዴት እንደጠፋ። ኦብሳ እየሰማ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሣም። ሲጨርስ ስላይዱን አውጥቶ አስቀመጠው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ግንቦት መጨረሻ ላይ።»

«አራት ወር አብረን ጸልየናል።»

«አዎ።»

ኦብሳ ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከዚያ የፊተኛው ስሌት የቱ ጋ እንደተሳሳተ እንዲያሳየው ጠየቀ። ጋሩማ እውነቱን ነገረው፤ ስሌቱ ግዙፍ ኮምፒውተሮች ወራት የሚፈጁበት ነው፣ የፊቱንም የአሁኑንም ራሱ መርምሮ አያውቅም፣ መመርመርም አይችልም።

«እኔ እዚህ መቶ ቦታ ቆጥሬ ሳላይ ‹ወባ የለም› ብዬ አልፈርምም» አለ ኦብሳ። «አለ ለማለትም በዓይኔ ማየት አለብኝ። እርስዎ ምን አይተው ነው የፈረሙልኝ?»

ጋሩማ በሚኒባሱ ውስጥ ያዘጋጀው መልስ ሁሉ የስሌት ነበር። «ምንም» አለ።

ኦብሳም፣ እሑድ መጀመሪያ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ የምለው ነገር ተርፎኝ እንደሆነ ያኔ አያለሁ አለው። ውጭ ሕመምተኞች እየጠበቁ ስለነበር ሌላ ጓንት አጠለቀ።

እሑድ ኦቦ ዱቤ አልከለከሉትም፤ አጭር ይሁን ብቻ አሉ። ጋሩማም አሳጠረ። ሁልጊዜ እንደሚደረገው በኦሮምኛ ነበር የተናገረው። በ2013 የመሰከረውን ነገር እንዳላየው፣ ተመራማሪዎቹ «ይሆናል» ያሉትን እርሱ «ነው» እንዳለ፣ አሁን ክፍተቱ እንደተዘጋ ነገራቸው። «ይህ እግዚአብሔር የለም ማለት አይደለም፤ አለ የሚያሰኝም አልነበረም። በምትኩ የማቀርበው ምስክርነት ዛሬ የለኝም» ብሎ ወረደ። ከምስክርነት በኋላ አሜን ማለት የለመደው ጉባኤ ግራ ገባው። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት ብቻ ቀስ ብለው አሜን አሉ።

ኦብሳ ተጠራ። የጻፈውን ሦስት ገጽ ይዞ ወጣ፤ ግን አላነበበውም።

«ሹመቱ ለአንድ ዓመት ይቆይልኝ» አለ።

ኦቦ ዱቤ በጉባኤው ፊት እንደቆሙ ዓመቱን ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ጠየቁት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

«ሌሊሳ ከሞተ ወዲህ የጸለይኩት ሁሉ በባርሲሳ ቁጥር ተደግፌ ነው» አለ ኦብሳ። «ቁጥሩ ሳይኖር መጸለይ እችል እንደሆነ አላውቅም። ሳላውቅ ሌላ ሰው ፊት መቆም አልፈልግም። የትም አልሄድም፤ እዚሁ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ ባልንጀሮቻቸው ዘወር ብለው ሁለት ሦስት ቃል ተነጋገሩና ይቆይ አሉ። መዘምራኑ ለሹመቱ ያዘጋጁትን መዝሙር ትተው ሌላ አነሡ። ኦብሳ ለተሿሚ ወደተዘጋጀው የፊት ወንበር አልተመለሰም። ጋሩማ ወደተቀመጠበት ረድፍ መጣ፤ ሜቲም ቦታ እንዲያገኝ ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። ጋሩማ ላየው ሲል ኦብሳ ፊቱን ወደ መድረኩ አዞረ።

መዝሙሩን አብሮ አልዘመረም። ግን የመዝሙር መጽሐፉን አንሥቶ ቁጥሩን ፈለገ፣ ገጹንም ገለጠ።