ሁለቱ ፀሐዮች አይመሳሰሉም

ወንድሜ እኮ ኮድ ሲጽፍ ሰው አይመስልም። አንዱን እግሩን አጥፎ ይቀመጥበትና ምላሱን ነክሶ ከስክሪኑ ጋር ያወራል። ቅዳሜ ዕለት ግን ጉዱ ከስክሪኑ ጋር ሳይሆን ከአክስቴ ጋር ነበር። ወሬው ሳይበርድ ልንገራችሁ፤ እኔ ወሬ ካደረብኝ ሆዴን ይቆርጠኛል።

አክስቴ ኬክ ቤት አላት። ጠባብ ነች፤ ከፊት መስታወት ያለው ፍሪጅ፣ ከኋላ መጋገሪያው፣ መሃል ላይ ደግሞ ካርቶን የማጥፈው እኔ። ትምህርት በሌለኝ ቀን እሷ ጋ ነኝ። "ራዲዮ" ነው የምትለኝ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን የገባችሁ ይመስለኛል። ትልቁ ወንድሜ ደግሞ የኬክ ማዘዣ ገጽ ሠርቶላታል። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ይገባል፣ ስሙን፣ ስልኩን፣ ቀኑን፣ የኬኩን መጠንና ኬኩ ላይ የሚጻፈውን ቃል፣ ስህተት እንዳይኖር ሁለት ጊዜ፣ ሞልቶ ይልካል፣ አለቀ።

ለአክስቴ ብሎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰኞ አንድ ቢሮ ለሥራ ሊፈትኑት ጠርተውታል፣ እና ራስህ የሠራኸውን፣ ሰው በእውነት የሚጠቀምበትን ነገር አሳየን ብለውታል። ያለው ይሄ የኬክ ገጽ ብቻ ነው። ገጹ ከሌለ ሰኞ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።

አክስቴ ደግሞ ገጹን ዓይኑን ማየት አልፈለገችም። ከተከፈተ ጀምሮ ደንበኞቿ እየደወሉ ያማርሯታል። ድሮ በስልክ ሲያዙ ስቀው ነበር የሚዘጉት፤ አሁን ተነጫንጨው ነው የሚደውሉት። እና ቅዳሜ ጠዋት ክሬም እየመታች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ "ዛሬ እስክንዘጋ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ደውሎ ቢጮህብኝ ይሄን ነገርህን ታወርድልኛለህ" አለችው።

እሱም እሺ አለ። ኮዱን እንደሆነ ከራሱ በላይ ነው የሚያምነው።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ስልኩ ጮኸ። የአክስቴ እጅ ክሬም በክሬም ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት፤ ምነው ባላደረግኩት ኖሮ። አንድ ሰውዬ ነው፣ ለሚስቱ ልደት ኬክ ሊያዝ ነው። ስልኩን ጻፈ፣ አንድ ቁጥር ይጎድላል ተባለ። አስተካክሎ ላከ፣ ቀኑ አልፏል ተባለ። ቀኑን ቀይሮ ላከ፣ መጠን አልመረጥክም ተባለ። መረጠ። አሁን ደግሞ ኬኩ ላይ የሚጻፈውን ቃል ሁለት ጊዜ ጻፍ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ ያው አንድ ናቸው እያልኩት አይመሳሰሉም ይለኛል አለ። ድምፁ ፍሪጁን አንቀጠቀጠው።

"ኬክ ነው የምትሸጡት ወይስ ፓስፖርት?" አለና፣ ራሴ እመጣለሁ ብሎ ጆሯችን ላይ ዘጋው።

እኔ ሳቄን ዋጥኩ። አክስቴ እጇን ጠረገች፣ ቀስ ብላ። ወንድሜ ገጹ ምንም አላጠፋም፣ የተሳሳተው ሰውዬው ነው ብሎ ሊከራከር ሲሞክር፣ ስንዘጋ ትወርዳለች አለችና ወደ መጋገሪያው ገባች። ገጹን "እሷ" ማለቷ ራሱ አንጀቴን በላው፣ ልክ እንደምትባረር ሠራተኛ።

ወንድሜ ፊቱ ዱቄት መሰለ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩና እስቲ አሳየኝ አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሂጂ ካርቶንሽን እጠፊ ይለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን አሳየኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ዘበኛ አለው። ኦብጀክት ነው የሚለው እሱ፣ እኔ ዘበኛ ብዬዋለሁ። የስልኩ ዘበኛ ቁጥር ይቆጥራል፣ የቀኑ ዘበኛ ካላንደር ያያል፣ አንዱ በሌላው ሥራ ጥልቅ አይልም። እስከዚህ ያምራል። ችግሩ፣ አንዱ ዘበኛ ጥፋት ካገኘ ስህተቱን ወርውሮ በሩን ይዘጋዋል፤ ከኋላ ያሉት ዘበኞች ሰውዬውን ቀና ብለው እንኳን አያዩትም። ያንን አስተካክሎ ሲመጣ ደግሞ ቀጣዩ ዘበኛ ተራውን ይወረውርበታል።

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ያስቅሻል አለኝ ተቆጥቶ። እማዬን አስቤ ነው አልኩት።

እማዬ እኮ ጠዋት በር ላይ ስትፈትሸኝ አላያችኋትም። ጫማሽ አልተጠረገም፣ ኮሌታሽ ተገልብጧል፣ ደብተርሽ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ፀጉርሽ ደግሞ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። አንዴ ተመልሼ ሁሉንም አስተካክዬ እወጣለሁ። እማዬ እንደ አንተ ገጽ ብትሆን ኖሮ አልኩት፣ ለጫማ እመለሳለሁ፣ ለኮሌታ እመለሳለሁ፣ ለደብተር እመለሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ ወደ ቤት ሲወጡ በር ላይ እንገናኛለን።

ወንድሜ ዞሮ አየኝ። አፉ ትንሽ ተከፍቷል። ከዚያ "አንቺ ልጅ" ብቻ አለና ጣቱ ኪቦርዱ ላይ መሮጥ ጀመረ።

ምን እንደሠራ ልንገራችሁ፣ ሙት ብያችኋለሁ ትስቃላችሁ፤ "እማዬ" የሚባል ክላስ፣ የዘበኞቹ አለቃ በሉት፣ ሠራ። በእውነት፣ ስሙ እዚያ ኮዱ ውስጥ ተጽፏል። ዘበኞቹ ከእንግዲህ ምንም አይወረውሩም። እማዬ ሁሉም ጋ በተራ ትዞራለች፣ እያንዳንዱ ያየውን ጥፋት በጆሮዋ ሹክ ይላታል፣ እሷም ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ሁሉንም ጨርሳ ኪሷ ባዶ ከሆነ ትዕዛዙ ያልፋል፤ ካልሆነ ያለውን በሙሉ አንዴ ትዘረግፈዋለች፣ እያንዳንዱን ጥፋት ከየሳጥኑ ሥር።

ሹክ የሚባለውን ነገር ግን የጻፈው እሱ ነው፣ እና አስጠሊታ ነበር። "የተሳሳተ ግብዓት።" ግብዓት ብሎ የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌላው ደግሞ "ቀን አስገባ"፣ "መጠን ምረጥ" እያለ ሁሉንም እንደ ወታደር ያዛል፣ ያውም እንደ ወንድ፤ ከአክስቴ ደንበኞች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ላፕቶፑን ነጠቅኩትና ሁሉንም በእርስዎ አደረግኩት። "ስልክዎ ላይ አንድ ቁጥር ጎድሏል፣ ኬኩ ሲደርስ ማን ጋ እንደውል?" "የመረጡት ቀን አልፏል፣ እኛ ወደኋላ መጋገር አንችልም።" ወንድሜ ዓይኑን አጉረጠረጠ፣ ግን አላጠፋውም። ያ ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ቃል ላይ ደግሞ፣ አይመሳሰሉም ብሎ ከሚያልፍ ሁለቱን ከላይና ከታች አድርጎ ያሳየው አልኩ። አደረገው።

ልክ እንደጨረስን ሰውዬው ገባ። በሩን ሞላው። ወንድሜ ከወንበሩ ሲነሳ ጉልበቱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ፣ ግን ፈገግ ብሎ፣ እስቲ እዚሁ ፊታችን አንዴ ይሞክሩልን አለው። ሰውዬው እየተነፈሰ፣ ቆሞ፣ የራሱ ስልክ ላይ በአንድ ጣት ሞላና ላከ። ቸኩሎ ስለነበር እማዬ ኪሷ ሞልቶ መጣች፤ ስልኩ ጎዶሎ፣ መጠኑ ያልተመረጠ፣ ቃሉም የማይመሳሰል። ሰውዬው "ማን ጋ እንደውል?" የሚለው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ አየሁ። ስልኩንና መጠኑን አንዴ አስተካከለ። የቀረው አንድ ነው።

"መጀመሪያ የጻፉት፦ መልካም ልደት ፀሐዬ። ደግመው የጻፉት፦ መልካም ልደት ጸሀዬ።"

ጮክ ብሎ አነበበው። አክስቴም መጥታ ጮክ ብላ አነበበችው። ድምፁ እኮ ያው ነው፣ ቢያነቡት ቢያነቡት አንድ ነው። ወንድሜ ላብ በላብ ሆነ። ከዚያ ሰውዬው ጣቱን ከላይኛው ወደ ታችኛው አወረደና ቆመ። አንዱ በዚህኛው ፀ፣ ሌላው በዚያኛው ጸ። ሐውም እንደዚሁ። ኪቦርዱ አንዴ ያንን፣ አንዴ ይሄንን ሰጥቶታል።

ወንድሜ እፎይ ብሎ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው አደርገዋለሁ፣ አሁኑኑ ያልፋል አለ።

"ቆይ" አለች አክስቴ። "ኬኩ ላይ የትኛውን ልጻፍ ታዲያ?"

ሰውዬው ጭንቅላቱን አከከ። ለካ ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ ሜሴጅ ሲልክላት አርማ ነው የምትመልስለት። በልደቷ ቀን ኬኳን ስታርም በዓይነ ሕሊናዬ አየኋትና ፍሪጁ ጀርባ ሄጄ ሳቅኩ። ስመለስ ሰውዬው የድሮ ሜሴጆቿን እየጎረጎረ ነበር። አገኘ። "ፀሐይህ ደክሟታል፣ ስትመጣ ዳቦ ያዝ" ይላል። የላይኛው ነው። ወንድሜም እዚያው ቀየረው፤ ፊደላቱ በድምፅ አንድ ከሆኑ ስህተት አይባልም፣ "የትኛውን እንጻፍልዎ?" ተብሎ ይጠየቃል፣ ከሁለቱ የተፈለገው ይነካል። ሰውዬው የላይኛውን ነካ። ትዕዛዙ አለፈ።

እኔ ላጨበጭብ ስል ወንድሜን አየሁት። እጁ ላፕቶፑ ላይ ነው፣ አክስቴን እያየ።

"ቃል ቃል ነው" አለች፣ ግን አላየችውም። "ደውሎ የጮኸ ሰው አለ።"

ሰውዬው በሩ ጋ ደርሶ ዞረ፣ ምን ሆናችሁ አለ። ወንድሜ ወደ ጫማው አቀረቀረ። እኔ ግን ራዲዮ አይደለሁ? ሰኞን፣ ቢሮውን፣ ገጿን፣ የጠዋቱን ውል፣ ሳልተነፍስ አፈሰስኩለት። ሰውዬው አክስቴን አየ፣ ወንድሜን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኔ ጮኽኩ እንዴ? ድምፄ ወፍራም ሆኖ ነው እንጂ፣ እመቤቴ። በሹክሹክታም እንዲሁ ነኝ።"

ያንን ሲል ራሱ ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፣ አልሆነላትም፣ ትከሻዋ ሳቀ። "እንግዲያው የጮኸብኝ የለም" አለችና ወደ ክሬሟ ዞረች። "ሰኞ ግን ያንን የተጨማደደ ሸሚዝህን ለብሰህ ብትሄድ ገጿንም አንተንም አላውቃችሁም።"

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ካርቶኑን ጥዬ ወደ ውጭ ሮጥኩ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘለልኩ፣ ደግሜ ዘለልኩ። የሚያልፉ ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ። ይዩኝ።