ቀይ ቀለም አይሰረዝም

ቀዩ ኤክስ ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረው። ሳሕራ ጣቷን ስታሳልፍበት ብዕሩ ያረሰው መስመር ተሰማት፤ ደሟ ፈላ።

"የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ የሚሞላው መቼ ነው?" ይላል ጥያቄው። "እዚህ ፀሐይ ከርራም ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ የሚጥለው በሐረር በኩል ካሉት ተራሮች ላይ ነው" ብላ ነበር የመለሰችው። ዘንድሮ ከደጋ የመጡት የጂኦግራፊ አስተማሪ አቶ በቀለ ግን መጽሐፉን ይዘው "በከተማው ዝናብ ሲበረታ" የሚል መልስ ጠብቀዋል። በዚያ ኤክስ ሳሕራ ሁለተኛ ወጣች። ሐረር አዳሪ ትምህርት ቤት የሚላከው አንደኛ የወጣ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ አምና በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ሸቀጥ የዘረጉትን ነጋዴዎች ውሃው የወሰዳቸው በጠራራ ፀሐይ ነው።"

ከጃንሆይ ሥዕል ሥር የተቀመጡት አስተማሪ ቀና አሉ። "እኔም ሰምቻለሁ። ልክ ነሽ።"

"እንግዲያው ያርሙልኝ።"

"ቀይ ቀለም አይሰረዝም። ዛሬ ላንቺ ብሰርዝ ነገ ማን ያከብረኛል?" እርሳስ አንስተው ከኤክሱ ጎን ስስ የራይት ምልክት ጫሩላት። "ይኸው፣ ለልብሽ።"

"ሳሕራ፣ ላጲስ ሳያገኘው ለአባትሽ አሳዪው" አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። ከኤክሱ ይልቅ እርሳሱ አንገበገባት።

ወላጅ ያልፈረመበት ወረቀት አይመዘገብም፤ አንድ ከጎደለም የክፍሉ ውጤት ወደ ሐረር አይሄድም። የጉምሩክ ተሸካሚው አባቷ ዲሪር የሚፈርመው በአውራ ጣቱ ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማት።

"ልክ ነሽ ብሎሻል?"

"ብሎኛል፣ አቦ።"

"ታዲያ ምኑ ላይ ልፈርም? ዋላሂ፣ ጣቴን አላኖርም።"

በሳምንቱ አቶ በቀለ ራሳቸው እነሳሕራ ደጃፍ ላይ ቆሙ፤ ዳይሬክተሩ ተቆጥተዋቸዋል።

"አቶ ዲሪር፣ የሌሎቹን ልጆች ውጤት ይዘውብኛል እኮ።"

"እኔ ምን ያዝኩ? ቀዩ ብዕር ያለው አንተ ጋ ነው።"

አስተማሪው "አንተ" መባላቸውን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጡት። ወረቀቱን ከሳሕራ ተቀበሉ፤ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ኤክሱን ሰረዙ፤ ማርኩን አስተካከሉ።

"ስለ አባትሽ ብዬ ነው" አሏት፣ ወረቀቱን እየዘረጉላት።

ሳሕራ እጇን አልሰነዘረችም። "ስለ አባቴ ከሆነ ይውሰዱት። ልክ ስለሆንኩ ነው ብለው ይጻፉበት።"

ዲሪር ሊፈርምበት ያቀረበውን የቀለም ጨርቅ መልሶ ገፋው። "ሰማሃት" አለ። "ጻፍላት።"

አቶ በቀለ የዘጉትን ብዕር እንደገና ከፈቱ።