ልዑል ኦርዜንና የቦሼ ፊሽካ

የዚያን ዘመን ጂንካን የምታውቁ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው መሀል እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን በሌለ ቀን ላም ይግጥበታል፣ ኳስ ይመታበታል፣ ገበያተኛው ያቋርጥበታል። አውሮፕላን በሚመጣ ቀን ደግሞ ጥበቃው ቦሼ ፊሽካውን ይነፋና ሜዳውን ያጸዳል። ቦሼ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር የአሪ ሰው ነበር። በሥራ ቀን ላም ያባርራል፤ ቅዳሜ ከሰዓት የከዋክብት ንጉሥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ። ሳዲቅ የሚባል ነጋዴ ከሱቁ ጀርባ ቪዲዮ ቤት ነበረው። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከአርባ ምንጭ የጃፓን ካርቱን አመጣለት፤ ብዙ ሲዲ ነው፣ ታሪኩ ግን አንድ። ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ ድምፁን ቀንሰን እኛው በማይክ በአማርኛ እንናገርለታለን። እኔ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፣ ወሬ ግን አይቸግረኝም፤ ታሪኩን የማወራው እኔ ነበርኩ። የቦሼ ልጅ ሚልክያስ አስረኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ነው፤ ከሥር የምትሮጠዋን እንግሊዝኛ እያነበበ ልዑሉን ይናገራል። ንጉሡን ደግሞ አባቱ ቦሼ። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ሳዲቅ ነው፣ «ጋሽ ቦሼ፣ አንተ እኮ ዝም ስትል ራሱ ንጉሥ ትመስላለህ» ብሎ ያግባባው።

በካርቱኑ ውስጥ ከብረት የተሠራ ከተማ በከዋክብት መሀል ይንሳፈፋል። የሚበሩ የብረት ፈረሶች አሉ፤ ብርሃን የሚጠሩ አስማተኞች አሉ። ክፉው ልዑል ኦርዜን ነው። ፀጉሩ ነጭ፣ አንድ እጁ ላይ ጥቁር ጓንት። ያንን እጁን ወደ አንድ ዓለም ሲዘረጋ የዚያ ዓለም ብርሃን ወደ መዳፉ ይገባል፤ ሰዎቹ እንደቆሙ ይቀዘቅዛሉ። አይስቅም፣ አይቆጣም። ሚልክያስ ደግሞ ድምፁን እንዲህ ዝርግ አድርጎ፣ ልክ ቢሮ ስትሄዱ «ነገ ተመለሱ» እንደሚል ጸሐፊ ነበር የሚናገርለት። ሰው የሚፈራው ይህን ነው። ከገበያ በርበሬ ሸጠው የገቡ እናቶች ሳይቀሩ፣ «ይሄ ነጭ ፍየል መጣ ደግሞ» እያሉ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይወስዳሉ።

የልዑሉ መርከብ ከሰማይ ሲወርድ ከኋላ አግዳሚ አንዱ መጮኹ አይቀርም። «ቦሼ፣ ላሞቹን አባርርለት!»

ቦሼ በማይኩ፣ በንጉሥ ድምፁ፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው። ልጁ ራሱ ያባርር» ይላል።

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሚልክያስም ልዑልነቱን ረስቶ ይስቃል።

አንድ ቅዳሜ ታሪኩ ከጥጉ ደረሰ። ልዑሉ በጦር ታጅቦ በንጉሡ በአባቱ ፊት ቆመ። ሚልክያስ ከሥር እያነበበ፣ «ዘመንህ አልቋል። ወንበሩን ልቀቅ። አንተ ብትሞትም ብትኖርም ለኔ አንድ ነው» አለ። ጓንቱ ተዘረጋ፤ የንጉሡ ብርሃን ወጣ። ቦሼ በማይኩ ትንሽ ትንፋሽ አሰማና ዝም አለ። እንዲያ አድርጎ ነው የሞተው፣ እንደ ደህና ተዋናይ። ሰው አጨበጨበለት።

አባትና ልጅ አብረው አልሄዱም። ሚልክያስ ወንበር ሊያነሳ ቀረ፤ ቦሼ ዝናብ ሳይመጣ ብሎ ወጣ። ሚልክያስ ወደ ቤት ሲገባ አባቱ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኝቷል። ልጁ አልቀሰቀሰውም። ሲነጋ ቦሼ በሕይወት የለም።

በለቅሶው ድንኳን ከሚልክያስ ጎን ነበርኩ። መዝሙር ተዘመረ፣ ሰው ከላይ ከተራራው ቀበሌዎች ድረስ እየጮኸ መጣ። ሚልክያስ አላለቀሰም። ምግብ ሲሰጡት ይበላል፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። ከኋላችን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስትናገር ሰማሁ። «ምን ያለቅሳል። በአፉ አይደል ሞት የጠራበት። ቅዳሜ ገደለው፣ እሁድ ቀበረው።» ልጁም ሰምቷል። አንገቱን እንኳ አላዞረም።

ማረፊያው ሜዳ ላይ ያሉት ሰዎች ደግነት ነበራቸው። «የቦሼን ቦታ ለልጁ እንሰጣለን፤ ይህን ሳምንት ሐዘን ይቀመጥ፤ በሚቀጥለው ሰኞ አውሮፕላን አለ፣ መጥቶ ይጀምር» ብለው ላኩ። የሚልክያስ እናት፣ አየለች፣ ታናናሾቹን የምታሳድገው በቦሼ ደሞዝ ነው። ፊሽካውን ከምስማር አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አኖረችለት። ሚልክያስ አልነካውም። በማታው ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ ንጉሤ፣ አነጋግረው እስቲ። ካልሄደ ለሌላ ይሰጡታል። እኔ እኮ እንዲያለቅስ አይደለም የፈለግኩት፤ እንዲነሳ ነው።»

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ በቆሎው አወራሁ። በመጨረሻ እሱው አፉን ከፈተ።

«ጋሼ፣ ለአባቴ መጨረሻ የነገርኩት ያንን ነው።»

«የቱን?»

«ወንበሩን ልቀቅ ያልኩትን። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አሁን ሄጄ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ?»

የፊልም ነው እንዳልለው፣ የፊልም መሆኑን ከኔ በላይ ያውቃል። እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። ጓንቱ ትዝ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ።

ቅዳሜ መጣ። አንድ ያልታየ ሲዲ ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ፣ ልዑሉ እንዴት እንደሚቀጣ ሊያይ ቋምጧል። ሳዲቅ ሊያስቀረው ፈልጎ ነበር፤ ሚልክያስ ግን በራሱ እግር መጣና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደመጣ አልጠየቅነውም። ምናልባት ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ ነው። የቦሼን ማይክ እኔ ያዝኩ።

ሲዲው ጀመረ። የብረቱ ከተማ ታየ። ንጉሡ በሕይወት አለ፤ በአትክልት ቦታ ይሄዳል። ጎኑ ላይ አንድ ሕፃን ይሮጣል፤ ፀጉሩ ነጭ ነው።

«ንጉሡ ተነሳ!» አለ አንዱ።

«ምን ተነሳ፣ ይሄ መጀመሪያው ነው» አለ ሳዲቅ። ሲዲዎቹ ላይ ያለው ቁጥር በጃፓን ፊደል ስለሆነ፣ እሱ እጁ እንዳገኘው ነበር የደረደራቸው። የመጀመሪያውን መጨረሻ አድርጎታል። ሰው አጉረመረመ፤ ክፉው ሳይቀጣ ሊቀር ነው። ግን ከመቀመጫው ተነስቶ የወጣ አልነበረም።

ንጉሡ ሊታጠብ ወደ ፏፏቴው ሄደ። ዘውዱን አውልቆ ሕፃኑ ራስ ላይ አደረገ። ዘውዱ ሰፊ ነው፤ አፍንጫው ድረስ ወረደ። ቤቱ ሳቀ። ንጉሡ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከሥር እንግሊዝኛዋ ሮጠች። እኔ አላነብም። ሚልክያስ እንዲነግረኝ ዞር ብዬ ጠበቅኩት። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። ስለዚህ ከራሴ ተናገርኩ።

«ያዝልኝ ልጄ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያዝልኝ።»

የሕፃኑ አፍ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ የለም። ውጭ ጄኔሬተሩ ብቻ ያጓራል። ሚልክያስ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና በአሪኛ፣ ቤታቸው በሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ በዚያው በዝርጉ ድምፁ ተናገረ።

«አባ፣ ያን ቀን ያልኩህ ከፊልሙ ነው። ከእኔ አይደለም። ማታ ልነግርህ ነበር፤ ተኝተህ አገኘሁህ።»

በቴሌቪዥኑ ላይ ሕፃኑ ሄዷል፤ የብረት ፈረሶች እየበረሩ ነው። እሱ አሁንም ለአባቱ ይናገራል። ሳዲቅ አሪኛ አይሰማም፤ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ ጎኑ ያለውን ጎነተለ። ማንም አልተረጎመለትም። ያቺ በድንኳኑ የተናገረችው ሴት ከፊት አግዳሚ ነበረች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት አየች።

መመለስ ነበረብኝ፤ ማይኩ በእጄ ነው። የቦሼን ድምፅ ማምጣት አልቻልኩም። በራሴ ድምፅ፣ በተሰባበረ አሪኛዬ፣ «ሰምቼሃለሁ» አልኩ።

ሚልክያስ በአማርኛ፣ «እንቀጥል» አለ፤ ሲዲው እስኪያልቅም ሕፃኑን ተናገረለት። እንባ አልነበረም። እንደ ተረት አለቀሰና ቀለለው ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባላችሁ ነበር፤ አላለቀሰም።

ሰኞ ጠዋት ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ከዝናብ በኋላ ሣሩ ረጥቧል፤ ላሞቹ መሀል ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። ሚልክያስ መጣ። ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው፤ ካፖርቱ የአባቱ፣ እጅጌው ጣቶቹን ይሸፍናል።

«እንዴት አደርክ?» አልኩት።

«እንጃ ጋሼ። እጄ የራሴ አይመስለኝም።»

«ይሁን። ገና ነው።»

የአውሮፕላኑ ድምፅ ከተራራው ጀርባ ተሰማ። ፊሽካውን አንድ ጊዜ ረጅም፣ ሁለት ጊዜ አጭር ነፋ፤ ቦሼ እንደሚነፋው። ላሞቹ ማን እንደነፋው አልጠየቁም። አንድ በአንድ እየተነሱ፣ ሣራቸውን እያላመጡ፣ ወደ ዳር ወጡ። አንዲት ጥጃ ብቻ ቀረች። ሚልክያስ እጅጌውን ሰበሰበና ሊያመጣት ወደ መሀል ሄደ።