የላላችው ጠ

«መጣሁ!» አሉ እናቷ ከኩሽና።

«ማንን ነው የመታሽው?» ብለው ጮኹ አባቷ ከሳሎን።

ቀልድ ቢሆን ኖሮ ልጅቱ በሳቀች። አባቷ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ዜና ሲያነቡ የኖሩ፣ ጀማሪ አንባቢዎችን «ጠን አጥብቃችሁ በሏት፣ ትፈንዳ!» እያሉ ያስለቀሱ ሰው ናቸው። የጆሮ መስሚያ ካደረጉ ወዲህ ግን የሰው ሁሉ ምላስ የላላ መስሏቸዋል። ከወዳጅ ተጣልተዋል፣ ከጎረቤት ተኮራርፈዋል። አሁን ደግሞ መስሚያውን ከጆሯቸው ነቅለው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«በቃኝ! የላላ ንግግር ከምሰማ ደንቁሬ ብቀር ይሻለኛል።»

አባቷ ያሉትን ካሉ አሉ ነው። ልጅቱ ፈራች።

የችግሩን ምንጭ ካወቀችው ሰንብታለች። የመስሚያው ሠሪዎች ቋንቋ «ጠ» እና «ቀ» የሚባል ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ መሣሪያው ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ ሲሰማ ሳህን የተሰበረ ይመስለውና ያፍነዋል። ይህን የሚያዘው ፕሮግራም ደግሞ ተቆልፏል። ለአምራቹ ብትጽፍ፣ መስሚያ የሚሠራው ድርጅት ራሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስትወተውተው «የድርጅቱ ምስጢር ነው» ሲል መለሰ። የገዛ አባቷ ጆሮ የሰው ምስጢር ሆኖ ቀረ።

ያኔ እልህ ያዛት። ንድፉ ለማንም ክፍት የሆነ፣ የሚሠራበት ፕሮግራም ሁሉ የሚነበብና የሚታረም ፕሮሰሰር፣ የመሣሪያ አንጎል፣ አገኘች፤ አይተዋት የማያውቁ ሰዎች በኢንተርኔት ከሩቅ ስህተቷን እያረሙላት የራሷን መስሚያ ሠራች። አያምርም። የክብሪት ቀፎ ያህላል፣ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ሽቦው እስከ ጆሮ ይዘልቃል።

«አባዬ፣ አንዴ ብቻ!» ብላ አሁን ይህንኑ ይዛ ጆሯቸው ሥር ጮኸች።

«ደግሞ ይሄ የበሬ ቃጭል ምንድነው?» አሉ እንጂ አንገታቸውን አልነፈጓትም።

ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በዚህኛውም ያለውን፣ ግን ያልተቆለፈውን፣ ድምፅ አፋኝ ትእዛዝ አጠፋች። «በል፣ የሆነ ነገር ተናገር።»

«ጠዋት» አሉ። ደነገጡ። «ጠጠር... ጥጥ...»

ፊታቸው ይበራል ብላ ስትጠብቅ ጠቆረ።

«ይሄ የማነው ድምፅ?»

«ያንተ ነዋ፣ አባዬ።»

«የኔ ጠ እንዲህ አትላላም።»

ልጅቱ አሁን ገባት። ጥርሳቸው ከረገፈ፣ ትንፋሻቸው ካጠረ ስንት ጊዜው! ያ የተቆለፈ መሣሪያ የሰውን ጠ ሲያፍን የራሳቸውንም እርጅና ደብቆላቸው ኖሯል።

«ያንተን ድምፅ ብቻ ለይቼ ላጠነክረው እችላለሁ» አለች ጎንበስ ብላ። «እንደ ድሮው አድርጌ አሰማሃለሁ። አሁን ሁሉም በእጃችን ነው።»

ጣቶቿ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያርፉ አባቷ እጇን ያዙት።

«እንደ ድሮው የሚሰማው ለኔ ብቻ ነው?»

«ላንተ ብቻ።»

«ሌላው ሰውስ?»

«ይችኑ ነው የሚሰማው።»

እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሱት። «እንግዲያው ተዪው።»

ወደ ኩሽናው ዞሩ፤ ዜና ሊጀምሩ ሲሉ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጠይሟ!» ብለው ተጣሩ። ሚስታቸውን በዚህ ስም ከጠሯቸው ቆይቷል። ጠዋ ላልታለች። ኩሽና ውስጥ ሲንኳኳ የነበረው ዕቃ ቀጥ አለ።

«መጣሁ» አሉ እናቷ፣ ድምፃቸው ተንቀጥቅጦ።

ጠዋ ሳትታፈን አባቷ ጆሮ ደረሰች፤ ጣታቸውን አንስተው ልጅቱን ዝም አሰኟት።

«እስቲ ድገሚያት» አሉ።